እስኪረጋ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት። ኮዬ ፈጬ መብራት ጠፍቷል፤
ጄኔሬተሩም ናፍጣ አጥቶ ከሐሙስ ጀምሮ ተኝቷል።
የብርጭቆዋን ቱቦ በመዳፌ ጨብጬ፣
ደቂቃ እቆጥራለሁ በርጩማው ላይ ተቀምጬ።
ሃያ ሲሞላ ማዘንበል ነው ሕጉ፣ ቀስ አድርጎ፤
የረጋ ደም አይፈስም፤ ይቀመጣል እንደ እርጎ።

አያንቱ፣ ከብሎክ አርባ ሁለት፣ ልጇን በጉልበቷ ደግፋ፣
ፎጣ ትለውጥለታለች፤ ኦብሳ ሲተፋ፣ ሲተፋ።
ማን መታው? ማንም።
ከየት ወደቀ? ከየትም።
አንዲት የወተት ጥርስ ነች፣ ትናንት ዳቦ ላይ የወጣች፤
ሊወረውራት ሲል ጣራው ርቆት፣ ኪሱ ውስጥ የቀረች።

«ይረጋል አይደል?» ትለኛለች።
«ማታ ያኖርኩት ወተት እንኳ ይኸኔ ረግቷል።»

ኢንዛይም ብላት ምን ይፈይዳል? እርሾ ልበላት ይሆን?
ራሱ ሳያልቅ ሌላውን የሚለውጠውን፣
ጥቂቱ ብዙውን የሚያስነሣውን?
ደም ብቻውን አይረጋም፣ እኅቴ፤ ቀስቃሽ ይሻል።
ቧንቧ የፈነዳ ሌሊት ብሎካችሁ እንዴት ይሆናል?
ዐሥራ ሁለተኛው ነቅቶ ዐሥራ አንደኛን ያንኳኳል፤
ዐሥራ አንደኛው ዘጠነኛን፣ ስምንተኛው ባትሪ ይዞለት፣
ዘጠነኛው ዐሥረኛን፣ «ተነሥ!» እያለ በጨለማው ደረጃ፣
እስከ ትሮምቢን ድረስ፣ እስከ መቀሱ ባለቤት።

መቀስ ነው፤ ግን የሚቆርጠው ሊሰፋ።
በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚዋኘውን ፋይብሪኖጅን
ጫፉን ቀንጠብ ያደርገዋል፤ ያኔ ክር ይሆናል፣
ክር ከክር ይጠላለፋል፣ ቀዳዳው ላይ መረብ ይጥላል።

የኦብሳ ደም ውስጥ ግን አንዱ በር አይከፈትም።
ዕጣ ወጥቶለት ሰው እንዳልገባበት ቤት፣
ቢያንኳኩ፣ ቢጣሩ፣ መልስ የለበትም።
ስምንተኛው ይሁን ዘጠነኛው
ይቺ ቱቦ አትነግረኝም።
ከዚያ በላይ ያሉት ሁሉ ተኝተዋል፤
መቀሱም ሰገባው ውስጥ ነው።

«ወንድሜም» አለች በድንገት፣ ፎጣውን እየጠመዘዘች፣
«በተገረዘ በሦስተኛው ቀን።
ሰው ዓይን ነው አለ። እናቴ ገራዡን
እስክትሞት ድረስ ረገመች።»

ዝም አልኩ።
ዕውቀት አንዳንዴ አፍ ላይ ይረጋል።
የተዘጋው በር ቁልፍ ከእናት ወደ ልጅ፣
ከአያቱ ወደ አጎቱ፣ ከእሷም ወደዚህ
ሳይታይ እንደሚወርድ አልነገርኳትም።
ነገ፣ በቀን፣ የሚያውቅ ሐኪም ይንገራት።
ገራዡ ግን፣ ሽማግሌው፣ የትም ቢቀበር
ይቅር ሊባል ይገባው ነበር።

ሃያ።
ቱቦዋን በስልኬ መብራት ፊት አዘነበልኳት።
ደሙ እንደ ውኃ ወደ አፏ ሮጠ።

አምቡላንሱ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቷል አሉ፣ መንገዱ ጭቃ ነው።
የሪፈሩን ወረቀት ልጽፍ ብዕር አነሣሁ፤
ፊደሉ ተንሸዋረረ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ።
አያንቱ አየችኝ። ልጇን ወደ ትከሻዋ አስጠግታ፣
«ረጋ በል» አለችኝ፣
«ረጋ በል፣ ወንድሜ።»