ፊቱን ያዞረው ዓሣ

የኖርያንግጂን ክፍሌ፣ አልጋ ታህል ጠባብ፤
ግድግዳዋ ስስ ነው፣ ጎረቤቴ ሲያነብ
ገጽ ሲገልጥ ይሰማኛል።
ከታች መንገዱ ላይ የኩባያ ሩዝ ይጠበሳል።

አራት ዓመት ሞላኝ ለመንግሥት ሥራ ስፈተን፣
በማላልምበት ቋንቋ ሳሳድድ ስሕተትን።
ዐሥራ አራተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ ሌቱን፦
«ጸሐፊው ሐቀኛ፣ ትጉህ፣ በትዕግሥት ይሁን።»
የት ላይ ነው ሕመሙ? ስል፣ እርሳሴ ዶለዶመ፤
ጎረቤቴም ገጽ ገለጠ፣ ሳለ፣ ደከመ።

ሲነጋ ድልድዩን ተሻግሬ ዓሣ ተራ ወረድኩ፤
እናቴ ማልሱን በረዶ ስታፈስ ደረስኩ።
የጎማ ቦቲዋ ከጉልበቷ በላይ፣
ጓንቷን በጥርሷ አወለቀች ወረቀቴን ስታይ።
«ፊደሉን አላውቅም፤ አንቺ ብቻ ንገሪኝ፣
ስንት ናቸው በመደዳው? አሰልፊና አሳዪኝ።»
«ሦስት ናቸው እማ፤ ሐቀኛ፣ ትጉህ፣ በትዕግሥት።»
ሳቀች፤ በቢላዋ ጫፍ ጠቆመችኝ ወደ ፊት።
«ዓሣዬን ተመልከቺ፤ ራስ ሁሉ በግራ፣
ጅራት ሁሉ በቀኝ፤ ይህ ነው የኔ ሥራ።
አንዱ ፊቱን ቢያዞር፣ ዛሬ ቢጠመድም፣
ገዢ ይጠረጥራል፤ እጁን አይሰድም።
ያ ሦስተኛሽ ዞሯል፣ ናምሂ።»

እውነቷን ነው። «ታጋሽ»፤ በሦስት ፊደል ዳነ፤
ሌሊቱን የገደለኝ እንዲህ ቀላል ሆነ።

ማታ ግን ተኝቼ የራሴን አሰለፍኩ፦
ተመዘገብኩ፣ ተፈተንኩ፣ ወደቅኩ፣
ተመዘገብኩ፣ ተፈተንኩ፣ ወደቅኩ፣
ተመዘገብኩ፣ ተፈተንኩ፣ ወደቅኩ፣
ተመዘገብኩ

ምንኛ ያምራል! ሁሉም በ«ኩ» ያበቃል፤
የትኛው ፈታኝ ከዚህ ስሕተት ይለቅማል?
ራሱ ወደ ግራ፣ ጅራቱ ወደ ቀኝ፣
እንከን የለውም ሰልፉ፤ እንከን ማጣቱ ገደለኝ።
አንዲት ቃል ብቻ ናት ከሰልፉ የምሻት፣
ጅራቷ ሌላ የሆነ፣ መምህር የሚሰርዛት።

የፈተናው ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በገበያው አለፍኩ።
እናቴ ለገዢ መልስ ትቆጥራለች፤ ቀና አላለችም።
በረዶው ላይ፣ ከአርባው ዓሣ መሐል፣
አንዱ ራሱ በቀኝ፣ ወደ ጣቢያው መንገድ።
ተሳስታ?
ማልሱን?
በሠላሳ ዓመቷ ያልተሳሳተች ሴት?

ላቃናው እጄን ዘረጋሁ፣
ተውኩት፣
ከዚያም ወደ ባቡሩ።