የውሃ ተረኛው

ባሌ ዱርሙሽ ነው ስሙ፤ በቋንቋችን «ቆመ»።
ሦስት ልጅ ቀብራ እናቱ፣ ልቧ ስለ ታመመ፣
ይህኛው እንዳይሄድባት በስም አሰረችው፤
ቆመላት። ስድሳ ሊደፍን ሁለት ነው የቀረው።

ፓሙካሌን በፖስታ ካርድ አይታችሁት ይሆናል፤
ጥጥ የተቆለለበት ገደል ይመስላል።
ጥጥ አይደለም፣ ኖራ ነው። ፍል ውሃው ከምድር ሆድ
ኖራን አዝሎ ይወጣና፣ ሲደክመው፣ መሀል መንገድ
ጭነቱን አራግፎ ይሄዳል።
«ጠብታ ድንጋይ ይበሳል» ያለው ሰው እኛ ዘንድ አልመጣም፤
እዚህ ጠብታ ድንጋይ ይወልዳል፣ ሲያምጥም አይሰማም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መክፈቻው ከወገቡ፣
ደብተሩ ከኪሱ አይለይ፣ እንቅልፍም አያውቅ ልቡ፤
ሰኞ ለላይኛው ገንዳ፣ ለታችኛው ሐሙስ፣
በተራ ውሃ ያድላል፣ ነጩ ድንጋይ እንዲታደስ።
ቢጠማ ይጠቁራልና፣ ቢጠግብ አረንጓዴ ያበቅላል፤
ድንጋዩን እንደ ሕፃን በሰዓቱ ያጠባል።

እሱ ግን፣
ከንጋት እስከ ማታ ከንፈሩ ውሃ አይነካም።
«ሽንት ቤቱ ከበሩ ጋ ነው፤ ለአንድ ብርጭቆ አልወርድም።»
«ጫማ አውልቁ!» ሲል ይውላል እየጮኸ በቱሪስት ላይ፣
ነጩ ከታች ሲያንጸባርቅ፣ ከላይ ያቺ ፀሐይ።
ላቡ በሸሚዙ ደርቆ፣ የጨው ካርታ ሠርቶ ይመጣል፤
ጨው ያነሰው ይመስል፣ በጨው የተነከረ አይብ ይጠይቃል።

የሻዩን ማንቆርቆሪያ ሆድ በየዓርቡ ከፍቼ አያለሁ፤
ነጭ ቅርፊት ይዞ ይጠብቀኛል፣ በኮምጣጤ አፈላዋለሁ፣
ይለቃል።
የሰውን ሆድ ግን ማን ከፍቶ ያያል በየዓርቡ?

በነሐሴ አንድ ሌሊት፣ ከወገቡ ተነሥቶ
ወደ ብሽሽቱ የወረደ ሕመም፣ ከአልጋ አስፈንጥሮ፣ ጥሎ፣
የምንጣፉን ዳር አስነከሰው።
ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፤ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤
ከራሴ አፍ ብቻ ነበር እስከዚያ ሌሊት የሰማሁ።

ዶክተር ኔዛሃት ዴኒዝሊ ላይ ፎቶውን ከብርሃን ሰቀለች፤
«ይኸውልህ፣ ካልሲየም ነው፤ ምስር ታክላለች።»
ባሌ፣ ላብ በላብ እንደሆነ፣ አንገቱን አሰገገና
«አውቃታለሁ» አላት፤ «የኔው ሥራ ናት። ነጭ ናትና።»

በስምንተኛው ቀን ወጣች፤ በሻይ ማጥለያዬ ያዝናት፤
(ማጥለያውን ጣልኩት።) በክብሪት ቀፎ አስቀመጥናት።

ጎረቤታችን ሳቲልሚሽ መጥቶ «ወተት ነው ጠላትህ» አለ፤
ዱርሙሽም እርጎውን ገፋ፣ አይቡን ከቤት አገለለ።
ለጉልበቴ የታዘዘልኝን የካልሲየም እንክብል ግን፣ «መድኃኒት አይጎዳም» ብሎ፣
ከኔው ብልቃጥ ይውጥ ነበር፣ ጠዋትና ማታ፣ ቸኩሎ።

ኔዛሃት ስትሰማ ሳቀች። ኋላም ተቆጣች፦
«እርጎህን ከምግብህ ጋር ብላ። ያ ካልሲየም አንጀትህ ውስጥ
ከቆስጣው የመጣውን አሲድ ይዞት ይወጣል።
ያልታዘዘልህን እንክብል ተው።
ጨውን ቀንስ፤ ካልሲየምን ወደ ሽንትህ የሚነዳው እሱ ነው።
ሎሚ ጭመቅበት። ጠጣ።
ሽንትህ የገለባ መልክ እስኪይዝ ጠጣ።
‹ስንት ልጠጣ?› እያልክ እኔን ታደክመኛለህ?
ውሃ አዳዩ አንተ አይደለህ?»

ትናንት ኮቱን ስሰፋ ደብተሯ ከኪሱ ወደቀች፤
መነጽሬን ፈልጌ ገለጥኳት። እንዲህ ትላለች፦
«ሁለት ሰዓት፣ ገንዳ ስምንት።
ሦስት ሰዓት፣ ገንዳ ዘጠኝ።
ሦስት ተኩል፣ ዱርሙሽ፣ ሁለት ብርጭቆ።
አራት ሰዓት፣ ገንዳ አሥር፣ ግማሽ ቀን ይድረቅ።
አምስት ሰዓት፣ ዱርሙሽ።»

አንዳንዱ ረድፍ ላይ «አልተለቀቀም» ይላል፤ መዋሸት አይችልም።
በግራ ኩላሊቱ ያለችው ትንሿ ገና አልወጣችም።
እስክሪብቶ አንሥቼ በኅዳጉ ጻፍኩ፣ በሚያውቀው ፊደሌ፦
«ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ያለው ተራ የማን ነው፣ ባሌ?»