ሃያ ስምንት ሄርዝ

ሻጩ ሮዴል ሁለት ሰብዉፈር ጎን ለጎን አቆመልኝ፤
አንዱ አፉን የከፈተ፣ አንዱ የዘጋ፤ «የቱ ይሁን?» አለኝ።
«ይሄ ባለ ቀዳዳው ጉልበተኛ ነው፣ ሲመጣ ቤት ያንቀጠቅጣል፤
ያኛው ዝግ ነው፤ ጥቂት ይናገራል፣ የጀመረውን ይጨርሳል።»
ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ጎናቸውን በጣቴ መታሁ፤
ጆሮዬን አስጠግቼ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ያወቅሁ መስዬ ሰማሁ።
ባለ አሥራ አምስት ኢንቹ ልቤን ወሰደው፤ ጎማ የሚያህል አፍ፤
ግን ሳሎናችን ትዝ አለኝ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፤
ዊኒፔግ፣ ትራንስኮና፤ የጭነት ባቡር በሌሊት ከጓሮ ሲሄድ፣
ሳህን ከብርጭቆ የሚማከርበት፣ ወለሉ ከእግር በታች የሚርድ።
«ዝጉን፣ ባለ አሥራ ሁለቱን» አልኩ። ሮዴል ደረሰኝ ቆረጠ፤
«ካልተስማማህ ሠላሳ ቀን አለህ» ብሎ እጄን ጨበጠ።

ዘውድነሽ በሩን ከፈተች፤ ሣጥኑን አየች፣ እኔን አየች።
«እኛ ቤት የጎደለው ድምፅ ነው?» አለች።
ሌላ አልጨመረችም። «መልሰው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

የቤዝ ነገር እንዲህ ነው፤ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም፤
ጥግ ላይ ያብጣል፣ መሐል ላይ ይጠፋል፣ ግድግዳ አይገድበውም።
ሮዴል ዘዴ ነግሮኛል፦ ሣጥኑን የምትቀመጥበት ሶፋ ላይ ጫነው፤
አንተ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳኽህ ክፍሉን ዙረው፤
ድምፁ የሞላበት ስትደርስ፣ እዚያ ነው ቦታው።
ክብሬን ከካፖርቴ ጋር በሩ ላይ ሰቀልኩት፤
ውጭ ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች፤ የአርባ ሰባት ዓመት
ሕፃን ሆኜ ምንጣፉን ተያያዝኩት።

የመሞከሪያውን ድምፅ ለቀቅሁ፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።
ስልሳ ላይ ምንም። ሃምሳ ላይ የቁልፍ መስቀያው ይነቃል።
አርባ ላይ ማንኪያዎች በመሳቢያ ውስጥ ሐሜት ጀመሩ፤
ሠላሳ አምስት ላይ የመስኮቱ መስተዋትና በረዶው ተነጋገሩ።
ቤት ለካ ሲነኩት የላላውን ሁሉ አንድ በአንድ ይናገራል፤
እኔም ቴፕ ይዤ እከተለዋለሁ፤ አንዱን ዝም ሳሰኝ ሌላው ይጀምራል።

ሃያ ስምንት ላይ ግን፣
ከጆሮ ይልቅ ደረት በሚሰማው ወለል ላይ፣
ቀጭን ነገር፦ ዝዝዝ።
ንብ አይደለም። ብሎን አይደለም። ሽቦም አይደለም።
ከማሞቂያው ወንፊት ሥር።

በቅቤ ቢላ ብሎኑን ፈታሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ፤
አቧራ፣ የፀጉር ሽቦ፣ የኦቾሎኒ ቅርፊት፤
ከዚያ ቀለበቴን አገኘሁ።

ሁለት ክረምት። በዚያኛው፣ በባቡር ጥገናው የሌሊት ፈረቃ ስሠራ፣
ሥጋዬ ሄዶ፣ ጣቴ ቀጥኖ፤ የት እንደ ሾለከ በምን ላጣራ?
«ወደቀ» አልኳት። «ቀለበት አይወድቅም» አለችኝ፤ «ጣልከው።»
ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሣው፣ ማንም አልረሳው።

ዘውድነሽ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።
ባሏ በአራት እግሩ፣ ክንዱ አቧራ ለብሶ፤ አልሳቀችም።
«ድገመው» አለች። ቀለበቱን መልሼ ቆርቆሮው ላይ አኖርኩ፤
ሃያ ስምንትን ለቀቅሁ።
ዝዝዝ።
መዳፏን ወለሉ ላይ ዘርግታ እስኪያልቅ ሰማች።
«ደግሞ» አለች።

በኋላ ጣቴ ላይ ሞከርነው፤ መገጣጠሚያው ላይ ቆመ። ወፍሬአለሁ።
በሳሙናም ሞከርን፤ እምቢ አለ።
ሣጥኑ አሳምሮ የሚጮኸው እዚያው ወንፊቱ አጠገብ ነበር፤
«ሙቀት ይዘጋል» ብላ ከወንበሯ ጀርባ ገፋችው፣
ከምርጡ ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ። ዝም አልኩ።

መብራት ልናጠፋ ስንል፦
«ለመመለስ ስንት ቀን ቀረው?»
«ሃያ ዘጠኝ።»
ሄዳ ደረሰኙን ከማቀዝቀዣው በር ላይ ነቅላ ሰጠችኝ።
«ጣለው» አለችኝ።