የማታ ፍተሻ

በስምንት ሰዓት ፀሐይ ጠልቃ ቀኑ በሩን ይዘጋል፣
የቶርኔ ወንዝ ከበረዶው ስር ድምፁን አጥፍቶ ይጓዛል፤
ከእንጨት መሰንጠቂያው ወዲህ፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣
አንድ ቀይ ቤት አለ፣ ጣሪያው በረዶ አዝሎ።
እዚያ ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ልጄና አባቴ።
ማታ ማታ፣ ሳውናው ሲሞቅ፣ ፍተሻ ነው ሥርዓቴ።

ታይሚን ወንበር ላይ አስቀምጬ ከራሷ እጀምራለሁ፣
ፀጉሯን ገልጬ፣ ጆሮዋን ዳብሼ፣ «ምላስሽን አውጪ» እላለሁ፤
(አንድ ቀን ምላሷን ነክሳ፣ ደሙ በአገጯ ሲፈስ፣
«እማ፣ ሾርባው ብረት ብረት ይላል» አለችኝ፣ ማንኪያዋን ሳትመልስ።)
ከዚያ ጣቶቿን አንድ ባንድ፣ ከዚያ ውስጥ እግሯን፣ ተረከዟን፤
ቃጠሎ፣ ቁስል፣ ስንጥር፤ ያልነገረችኝን፣ ያልነገራትን።

ሰባት ዓመቷ ነው። አንድም ቀን «አመመኝ» ብላ አታውቅም።
መርፌ ሲወጓት አታለቅስም፤ ምድጃ ስትነካ አትሸሽም።
የሉሌዮው ሐኪም ወረቀቱን አጥፎ እንዲህ ነበር ያለው፦
«ቤቱስ ሙሉ ነው፣ ጽኑ ነው፤ ደወሉ ነው የሌለው።»
«ታድላ!» አለች ዳቦ ሻጯ፣ ጥርሷን ይዛ፣ ጉንጯ አብጦ፤
ዝም አልኳት፤ ቃሌ ቀረ፣ እጉሮሮዬ ተሸጉጦ።

ባለፈው መጋቢት ወንዙ ላይ ስትንሸራተት ወድቃ፣
ሦስት ቀን ትምህርት ቤት ተመላለሰች፤ ገመድ ዘለለች፤ ዋለች ስቃ።
በአራተኛው ቀን ጫማዋ አልገባም አለ።
አጥንቷ ተሰብሮ ኖሯል።
ወሬ ነጋሪው ጫማ ሆነ፣ አጥንቱ ዝም እንዳለ።
በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤
በሽታው ራሱ ለተደበቃትስ መድኃኒት ከየት ይገኛል?

ከምድጃው ማዶ ደግሞ አባቴ አርቪድ ተቀምጧል፣
ግራ እግሩን መጋዙ ከበላው ሠላሳ ዓመት አልፎታል።
ሌሊት ግን ይጮኻል፦ «አውራ ጣቴ! አውራ ጣቴን ነከሰኝ!
የሌለ ጥፍር፣ የሌለ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጠዘጠዘኝ!»
ብርድ ልብሱን እገልጣለሁ፤ አንሶላ ነው፤ ሜዳ ነው።
«እያየሽው ነው?» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ። ምን ላድርገው።
አየሩን አሸዋለሁ፣ እግሩ በነበረበት ቦታ፤
ይገርማል፤ ይቀልለዋል፤ ይተኛል ለአንድ አፍታ።

አንዷ እግር አላት፣ ሕመም የላትም፤
አንዱ ሕመም አለው፣ እግር የለውም፤
እኔ ከመሀል ቆሜ፣ የትኛው ገላ እንደጎደለ አላውቅም።

ደህና የዋለ ሰው ጉልበቱን መቼ ያስታውሳል?
ጥርሱንስ፣ ካልነቀዘበት፣ ማን ቆጥሮ ያድራል?
ጤና እንደ ደግ ሎሌ ነው፣ ሲያገለግል አይታይም፤
ሕመም ግን በር ይደበድባል፣ እስኪከፈትለት አይተኛም።
ገላ ሥጋና አጥንት መስሎኝ ኖሬያለሁ እስከ ዛሬ፤
ለካ ከዳር አገር ወደ መሀል የሚመላለስ ነው ወሬ።
መልእክተኛው ከታገተ ጣትም ሩቅ አገር ነው፣
መልእክተኛው ከመጣ ግን የፈረሰውም አገር ነው።

አንድ ሌሊት በጩኸቱ ነቅታ ታይሚ መጣች፣
ፍራሹ ላይ፣ ባዶው ቦታ፣ መዳፏን ቀስ አርጋ አኖረች፤
«አያቴ፣ ሲያም ምን ይመስላል?»
ብዙ ዝም አለ። እንጨቱ ምድጃው ውስጥ ይንጣጣል።
«በጨለማ ስምሽን ቢጠሩሽ እንደማለት ነው» አላት፣
«ባትወጂውም ዞር ትያለሽ።» ይኼ ነገር ከነከናት።
«እኔን ታዲያ ማነው የሚጠራኝ?»

ትናንት ዓሣ ስከትፍ ቢላው ጣቴን አገኘኝ።
«ኡፍ!» ስል ታይሚ ከጓዳ በሩጫ መጣች፣
ጣቴን በሁለት እጇ ይዛ አተኩራ አየች።
«እማ፣ ምን አለሽ?» አለችኝ። «ምን አለሽ ጣትሽ አሁን?»
ከዚያ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ጨፍና ሁለት ዓይኗን።

ማታ፣ በፍተሻ ሰዓት፣ ጆሮዋ ላይ ደም አየሁ፤
ልቤ ወደቀ። ፀጉሯን ገለጥኩ፤ ቁስሉን ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፤
የለም።
የራሴው ደም ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግላት
ጣቴ ጠዘጠዘኝ፤
«አቤት» አልኩት።