የማን እራት

ወንዙን ታና ይሉታል፤ ጣና አይደለም፣ «ታ»ው የላላ፣
በሰኔ ፀሐይ የማትጠልቅበት፣ ከሰሜንም ሰሜን ሌላ።
ዳር ለዳሩ በርች የሚባል ዛፍ፣ ልጡ እንደ ወረቀት የነጣ፤
ዘንድሮ ግን ሐምሌ ሳይጋመስ ቅጠሉን ሁሉ ያጣ።
በሌሊቱ፣ ሌሊት ካሉት፣ ጫካ ገብቶ ላደመጠ
ካፊያ ይመስላል፤ ካፊያ አይደለም፤
የትል ኩስ ነው ከላይ ያመለጠ።

ራውና ጡረታ የወጣች ፖስተኛ ናት፤ ስልሳ ስምንት ዓመቷ፤
ያባቷ አጋዘኖች ያለፉበትን ታውቃለች፣ በእግሯ፣ በጉልበቷ።
ወንድሟ ማህቴ ጠረጴዛ መትቶ፦ «መርዝ ይረጭ ከሰማይ!
ዛፉ ከሞተ ከብቱ ሞተ፤ ነው ወይስ አይደለም ወይ?»

እሷ የጃም ጠርሙስ አጥባ፣ ክዳኑን በምስማር በስታ፣
አርባ አንድ ትል ይዛ ገባች፣ ከየቅርንጫፉ አንስታ።
ለያንዳንዱ ቁጥር ሰጠች። ስም አልሰጠችም፤
ስም ካወጡለት ያሳሳል።
«ሠላሳ ዓመት ፖስታ አደልኩ፤ አንዱንም ከፍቼ አላየሁ፤
ትልም የታሸገ ፖስታ ነው፤ እስኪከፈት እጠብቃለሁ።»

ሰባተኛው ሆዳም ነበር፤ ቅጠል የማይበቃው፣ አረንጓዴ፣
ሲያኝክ ይውላል፣ ሲያኝክ ያድራል፣ «እኔ ለሆዴ፣ እኔ ለሆዴ»።
ሆዱ ውስጥ ግን ሌላ ሆድ አለ።
አንዲት ተርብ፣ ከሩዝ ፍሬ የቀለለች፣ ወገቧ ክር፣
አንድ ቀን መጥታ ወግታው ነበር፤ እንቁላል ትታ እንደ ምስጢር።
ልጆቿ ጨዋ ናቸው፤ ሲበሉ ሥርዓት ያውቃሉ፤
መጀመሪያ ጮማውን፤ ልቡን ለኋላ ያቆያሉ፤
ባለቤቱ ሳይሞት፣ ቤቱ ሳይፈርስ፣ ገበታው ሳይነሳ።
እሱም ለነሱ ያኝካል፤ የሚፋፋ መስሎት፣ ሲከሳ።

አንድ ማለዳ ቆዳው ተከፈተ፤ ወጡ፣ ሃያ ሁለት፣
ክር ፈትለው፣ ጎን ለጎን፣ ቢጫ ቢጫ ቤት ሠሩበት።
እሱ አልሞተም።
ያ ነው ራውናን እንቅልፍ የነሳት።
በቤታቸው ላይ ተጎንብሶ፣ ደመወዝ እንደሌለው ዘበኛ፣
የበሉትን ይጠብቃል፣ ሳይበላ፣ ሳይተኛ።
ማህቴ ሳቀ፦ «ይበለው! ቅጠላችንን የጨረሰ!»
እሷ አልሳቀችም፤ መነጽሯ ትንፋሿን እንደ ደመና ለበሰ።

ከአሥራ ዘጠነኛው የወጣችው ደግሞ ሌላ ተርብ ናት፣
ጥቁር፣ አንጸባራቂ፤ የፊተኛዋን ልጅ ውስጥ ለውስጥ በልታት።
ራውና በካላንደሩ ጠርዝ፣ «ባለዕዳም ባለዕዳ አለው» ብላ ጻፈች፤
ብዕሯን ነከሰች፤ ሰረዘችው፤ መልሳ ጻፈች።

ነሐሴ ሲያልቅ ተቆጠረ፦ ሠላሳ አምስቱ የተርብ ናቸው፤
አምስቱ ሞተዋል፤ እንጃ፣ ሻጋታ ይሆናል የበላቸው።
ለተርቦቹ መስኮት ከፍታ «ሂዱ» አለች፤
አልረገመች፣ አልመረቀች፤
«ለከርሞ ቅጠል ታተርፉልን እንደሁ...» ብላ ዝም።

አርባ አንደኛው ቀረ።
መስከረም ላይ፣ ጨለማው ተመልሶ፣ መብራት በተለኮሰበት ማታ፣
ግራጫ ክንፍ ክዳኑን መታ፣ ደግሞ መታ።
በእኛ ቋንቋ የእሳት እራት ይባላል፤ ራውና ይህን አታውቅም፤
በሷ ቋንቋ ማን እንደሚሉት፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አላውቅም።
የተርብ እራት ከመሆን ያመለጠ አንድ፣ ከአርባው መሀል፤
ማህቴ ቢያየው ይጨፈልቀዋል፤ «ይሄ'ኮ የከርሞ ትል!»

ክዳኑን ፈታች፤ ጠርሙሱን ደፉ ላይ አኖረች፤
ተመልሳ ገብታ የወጥ ቤቱን መብራት አጠፋች፤
በጨለማ ተቀመጠች።

ለዛሬ እንኳ
እሳት ጦሙን ይደር።