መለዋወጫ

ኩፓት ሆሊም ደጃፍ፣ ዳሌት ሰፈር ውስጥ፣
እኔና ኑረላ ከጥላ ስንቀመጥ፣
ወረፋው ሲጎተት፣ የቁጥሩ መብራት ሲያዛጋ፣
ግማሹን በዕብራይስጥ ነው የምናወጋ፣
ግማሹን በጣት ፍለጋ።

እሱ የኢስፋሃን ልጅ፣ እኔ የቢሾፍቱ፣
የሁለታችንም ግን የጄት ነው ቅባቱ፣
ከጥፍራችን ሥር ገብቶ አርባ ዓመት ያልለቀቀው፣
ሳሙና የማያውቀው።

ዛሬ ራዲዮው አወራ፣ ከፋርማሲው መስኮት፦
ማዕቀብ ያደቀቃት፣ የኑረላ የጥንት ቤት፣
ጎማ የሚሸጥላት፣ ብሎን የሚያቀብላት ያጣች፣
እነዚያን አሮጌ ጄቶች ዛሬም ታስነሳለች፤
እነዚያን እንደ ጃንጥላ ክንፍ የሚያጥፉትን፣
ዕድሜያቸው የአብራሪውን አባት የሚያስከነዳውን።

«ይውደቁ!» አለ አንድ ጎረምሳ፣ ቡሬካስ እየገመጠ።
«አሜን» አለ ኑረላ፤ ድምፁ ግን ቀለጠ።

ቆይቶ፣ ወደ ጆሮዬ፦ «የግራው ክንፍ ማጠፊያ
ዘይት ያለቅስ ነበር በብርድ፣ ከመጋጠሚያው፣ እዚያ።
ማን ይሆን አሁን የሚጠርገው?
ፈሪዱን የሚሉት ልጅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣
‹እስኪጮህ አጥብቅና ሩብ ዙር መልስ› ያልኩት።
ያ ብሎን ከጠበቀ፣ የልጅ ልጆቼ አሉ ከሥሩ፤
ያ ብሎን ከላላ ደግሞ፣
የፈሪዱን ልጅ ይሆናል የሚወድቀው፣ ከነወንበሩ።»

ምን ልበለው?
እኛም አይተነዋል። አሜሪካ ዕቃ የነፈገን ዓመት፣
ሦስቱን ለማስነሳት አንዷን ቆመን በላናት።
«ላሚቱ» ነበር ስሟ፤ ጠዋት ጎማዋን አለብን፣
ማታ የነዳጅ ፓምፗን፤ መስታወቷን ለእሑድ አሳደርን።
«ላሚቱን ጠይቋት» ይለናል ሻምበል ወንዳፍራሽ፣
እስክትነጥፍ ድረስ፣ እስክትመስል የወና ቤት ፍራሽ።
በመጨረሻ ርግብ ሆዷ ውስጥ ፈለፈለች።
ለብረት አልቅሼ አላውቅም፤
ያን ቀን ግን የዘይት ጨርቄን ነከስኩ።

ኑረላ ሳቀ። «እኛም ነበረችን፤ ‹አክስት› ነበር ያልናት፣
ሳትሞት የወረስናት።»

እሱ በማዕቀቡ በሰባተኛው ዓመት፣ በበግ መኪና ተሸሽጎ
በፓኪስታን በረሃ ወጣ፣ ጺሙን አሳድጎ።
እኔ በአንድ ሌሊት መጣሁ፣
ወንበሩ ተነቅሎ ሰው በታጨቀበት አውሮፕላን፤
ሽማግሌው ይጸልያል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣
እኔ ወለሉን እየዳበስኩ
ወንበር የታሰረበትን የብሎን ቀዳዳ እቆጥራለሁ፤
ሁለት መቶ ስምንት ላይ ስደርስ መሬት ነካን።

ይህን ስነግረው፣ ከሐጼሪም የተነሳ ጄት
ሰማዩን እንደ አቡጀዴ ቀደደው።
ጎረምሳው ቀና አላለም፤ ለምዶታል።
እኛ ግን አንጋጠጥን፣ አፋችንን ከፍተን፣
እንደ ሐኪም ጆሯችንን ደረቱ ላይ ጥለን።
«ሞተሩ?» አልኩት።
«ጤነኛ ነው» አለ።
ትንሽ ቆየና፦ «ዕቃ አለው።»

ዶክተሯ ብቅ አለች። የእኔ ዳሌ ብረት
አሽዶድ ወደብ ላይ ነው፣ ኮንቴይነር ውስጥ፤
«መለዋወጫው አልደረሰም፣ አባባ፣ ትንሽ ታገሥ።»
ሳቄ ለምን እንደመጣ አልገባትም።

ከዚያ የሱ ቁጥር በራ።
የልቡን ባትሪ ሊያዩለት ነው፤
ስንት ዓመት እንደቀረው በኮምፒውተር ይለካል።
ትከሻዬን ተደግፎ ተነሳ።
በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና
አየር ላይ፣ በሁለት ጣቱ፣
ሩብ ዙር አዞረ።

ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ፣
ጀርባው ከለለኝ።