ያረጀው ፋሻ

ቤርገን ይዘንባል፤ ማታ ነው፤ ላቦራቶሪ።
ራግንሂልድ ብቻዋን፣ ከመብራት ጋር አዳሪ፣
ካሮጌ ጀልባ ሞተር የወጣውን ፋሻ፣
የዘይት ጠባቂ፣ የእሳት መመለሻ፣
በጣቷ ዳሰሰች፦
ጠርዝ ጠርዙ ተበልቶ ወገቡ ጎብጧል።
«ጣይው» ብሎ ነበር ኦድቫር፣ «ዕድሜውን ጨርሷል።»

አልጣለችም። ለካች።
የሃያ ዓመት ጥናት ከመሳቢያ ወጣ፤
ቀመሩ ከጉብጠቱ ጋር ልክ መጣ።
አዲስ ሳለ ሜዳ ነበር፤ ሲሄድ ሲመለስ
ራሱን ቀረጸ፣ ዘይቱ ከሥሩ እንዲፈስ።

ፋሻ ቁስል ይሸፍናል እንጂ
ቁስሉ ንድፍ ሲሆን ማን አየ?
ሲነጋ አዲሱን ሣለችው፣
ገና ከእሳት ሲወጣ
ጎብጦ እንዲወለድ።

ኦድቫር ንድፉን አየ፤ ምንም አልተናገረ፤
ጓሮ ወጥቶ፣ ዝናብ በሞላው የቁርጥራጭ በርሜል ውስጥ፣
እጅጌውን ሰብስቦ ይፈልግ ጀመረ።